ከውሉ ላይ የጎደለው አንቀጽ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚጻፍ ሶፍትዌር በነጻ ፈቃድ እንዲወጣ ስለመጠየቅ



የጋይንት ልጅ ነኝ። ኑሮዬ ሶፍትዌር ጽፎ መሸጥ ነው፤ ደንበኞቼ መድኃኒት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ አልፎ አልፎም የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለው ነገር ከሙያው ውጭ የቆመ ሰው ምኞት እንዳይመስላችሁ ነው። የምጠይቃችሁ መንግሥት ከፍሎ የሚያስጽፈው ሶፍትዌር ሁሉ ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ይህም በጨረታው ቢጋርና በውሉ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ነው። ከሙያ ጓደኞቼ ብዙዎቹ በዚህ አይስማሙም። «ኮዱን ከፍተን ከሰጠን በኋላ ምን ልንበላ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ ደብዳቤው ለእናንተ ቢጻፍም ግማሹ ለእነሱ የተሰጠ መልስ ነው።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ሲታይ ገና የሚወሰን ፖሊሲ ይመስላል። ከወረዳ ከተሞቻችን፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ሲታይ ግን ካለቀ ቆይቷል። ጤና ጣቢያው ወርሃዊ ሪፖርቱን የሚያስገባበት ዲኤችአይኤስ 2 የመጣው ከኖርዌይ፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ የአገሪቱን የጤና መረጃ ወደዚያ ሲያዞር የላይሰንስ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረበትም። የገጠር መሬት ይዞታ እንዲመዘገብበት በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተዘጋጀው አገር አቀፍ ሥርዓት ክፍት በሆኑ መሣሪያዎች ላይ የቆመ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በተወለደ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ የወጣ የእስቴ ገበሬ ኪሱ ውስጥ ያለው ቴክኖ ስማርት ስልክም ቢሆን የሚያንቀሳቅሰው ሊነክስ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ነጻ ሶፍትዌር ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በየወረዳው ጠረጴዛ ላይ አልቋል።

ያላለቀው ከላይ የምንጨምረው ነገር ጉዳይ ነው። ከኦስሎ የመጣ ሶፍትዌር እንዳለ ለስማዳ ጤና ጣቢያ አይሆንም። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው የዘመን አቆጣጠር ያስፈልገዋል። የጤና ሪፖርት ወራችን ከ21 ተነሥቶ እስከ 20 የሚዘልቅ መሆኑን፣ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 መግባቱን ማወቅ አለበት። ቅጾቹ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ የወረዳው መረጃ ከዞኑ፣ የዞኑ ከክልሉ ጋር ይያያዛል። ይህን የሚሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው፤ ክፍያው ከመንግሥት በጀት ወይም በሕዝብ ስም ከተገኘ እርዳታ ይወጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ የማን ነው? እጄ የገቡ ውሎች ስለ ርክክቡ ቀን፣ ስለ ቅጣቱና ስለ ሥልጠናው ያትታሉ፤ ስለ ኮዱ ግን ዝም ይላሉ። ውሉ ዝም ካለ ጠቡ የሚጀምረው ሶፍትዌሩ የተበላሸ ቀን ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ለልብ ወለድ ይህ ያስኬዳል። ለወረዳ ሶፍትዌር ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ የጻፈው ልጅ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዱባይ ይሄዳል፣ ድርጅቱ ይዘጋል፣ ኮዱ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይቀራል። የወረዳው ባለሙያ አንድ የሪፖርት ሠንጠረዥ ላስተካክል ቢል እንኳ ኮዱን የሚጠይቀው ሰው የለም። ገንዘቡን የከፈለ ሕዝብ የገዛውን ነገር መንካት አቅቶት ይቀራል።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ ልግባ፤ ምን እንበላለን?

አንድ ደንበኛዬ የሸጥኩለትን የመድኃኒት ክምችት ፕሮግራም በፍላሽ ቀድቶ ለጓደኞቹ አደለው። ሰውዬው ሌባ አይደለም፤ ዘፈን እንደመቅዳት አድርጎ ነው ያየው። ተናድጄ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን እነዚያ ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየደወሉ መጡ። አንዱ ዋጋ ሲለወጥ ማስተካከል አቅቶት፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ መረጃው እንዲወጣለት፣ ሌላው ደግሞ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቶ። ሁሉም ከፈሉኝ። ተደምሮ ከመጀመሪያው ሽያጭ በለጠ። እኛ አገር ደንበኛ ለቅጂ መክፈል አይሆንለትም፤ ለሚደርስለት ሰው ግን ይከፍላል። ይህን ያላወቀ የደብረ ታቦር ሶፍትዌር ነጋዴ ያለ አይመስለኝም፤ ለምን እንደማንናገረው ነው የማይገባኝ።

ደግሞ የገበያችን ጠላት ማነው? ወደ ማንኛውም ኮምፒውተር ቤት ጎራ በሉ። የተሰረቀ ዊንዶውስ፣ የተሰረቀ ኦፊስ፣ የተሰረቀ አውቶካድ በጥቂት ብር ይጫናል፤ የላይሰንስ ቁልፉን ከሚሰብረው ክራክ ጋር ቫይረሱም አብሮ ይገባል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ የውጭ ሶፍትዌር በአንድ ምሳ ዋጋ ሲገኝ የእኔን በብር የተተመነ ፕሮግራም የሚገዛኝ ማነው? ሊብሬ ኦፊስን በነጻ አውርዶ የሚጠቀምስ? ክራክ ሁለታችንንም ይገድላል፤ የአገር ውስጥ ነጋዴውንም፣ ነጻ ሶፍትዌሩንም። ነጋዴው ግን ክራኩን ትቶ በነጻ ፈቃድ ላይ ይጮኻል። ክራክ ላይ ቢጮኽ የራሱ ዊንዶውስ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው ይኖራላ።

ነጻ ፈቃዶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነታቸው ለነጋዴ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የወጣበት የቢኤስዲ ፈቃድ ልል ነው፦ ወስደህ፣ አሻሽለህ፣ ከፈለግህም ዘግተህ ሽጠው፤ የሠሪዎቹን ስምና የፈቃዱን ቃል ብቻ ጠብቅ። ሞሲፕ የወጣበት የሞዚላ ፈቃድ ፋይል በፋይል ያስተዳድራል፦ የነበረውን ፋይል ነክተህ ለሌላ ካስተላለፍክ ማሻሻያህን ክፍት አድርግ፤ ከጎኑ አዲስ የጻፍከውን ፋይል ግን ዘግተህ መሸጥ ትችላለህ። የጣት አሻራ መሣሪያ ሻጮች ከፋይዳ ዓይነት ሥርዓት ጋር ሳይፈሩ እንዲነግዱ ይህም ይረዳል። ሊነክስ የወጣበት ጂፒኤል ጠበቅ ይላል፦ ፕሮግራሙን ለሌላ ስትሰጥ ኮዱንና አንተ ያገኘኸውን መብት ሁሉ አብረህ ስጥ። ታናሽ ወንድሙ ኤጂፒኤል ይህንኑ ግዴታ በኢንተርኔት በኩል ብቻ አገልግሎት በሚሰጡት ላይም ያመጣል።

ጂፒኤል ንግድን ይከለክላል የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሣ አላውቅም። የጻፈው ሪቻርድ ስቶልማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ እየቀዳ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሬድ ሃት ማንም ሊቀዳው በሚችል ሊነክስ ላይ ሥልጠና፣ ማረጋገጫና ጥገና እየሸጠ አድጎ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የሊንክሲስ ራውተር ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2003 በመሣሪያው ሆድ የሊነክስ ኮድ እንዳለ ታወቀ፤ ፈቃዱ ስላስገደደ ኮዱ ወጣ፤ ከዚያ ኮድ ኦፕንደብልዩአርቲ ተወለደ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ትናንሽ የኔትወርክ ድርጅቶች ለማንም ላይሰንስ ሳይከፍሉ በእሱ ላይ ምርት ይሠራሉ። ጠበቅ ያለው ፈቃድ ትልቁን ኩባንያ አስገድዶ ለትንንሾቹ ገበያ ከፈተ።

ስለ ትንሽ ገበያ ካነሣን የራሳችን ፊደል የሚነግረን አለ። በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ሲጀመር የነጋዴዎች ድካም ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ በአሜሪካም በአዲስ አበባም የነበሩ ባለሙያዎች ፎንትና የመጻፊያ ሶፍትዌር ሠርተው ሸጡ። የወረዳ ጸሐፊዎች ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ የጻፉት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። ውለታቸው አይካድም፤ ከሠሩትም ብዙው በፍላሽ ስለተቀዳ የድካማቸውን ዋጋ አላገኙም። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ማስቀመጡ ነበር። ከእስቴ የተላከ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስንት የወረዳ መዝገብ ዛሬም በዚህ ቋንቋ ተጽፎ ተቀምጧል! እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የጉግል ኖቶ ፎንቶች በነጻ የፎንት ፈቃድ ወጡ። ይሸጥ የነበረው ኪይማን የመጻፊያ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል ከተረከበው በኋላ ከነኮዱ በነጻ ተለቀቀ።

ፎንት ሻጩ ከሰረ? አዎ፣ ከሰረ፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ግን መዝገበ ቃላት ሠሪው፣ የዜና ድረ ገጹ፣ የባንክ መተግበሪያ ጸሐፊው፣ የመማሪያ ጨዋታ የሚሸጠው ወጣት ሁሉ የፊደል ኪራይ ሳይከፍሉ ሥራ ጀመሩ። የፈቃዱን ቃልም ልብ በሉ፤ ፎንቱን ከሶፍትዌርህ ጋር አብረህ መሸጥ ትችላለህ፣ ለብቻው ነጥለህ መሸጥ ግን አትችልም፤ ከለወጥከው ደግሞ ባለቤቱ ባስጠበቀው ስም አትጠራውም። ነጻ ፈቃድ ልቅ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያነብ መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ከገቡት ምልክቶች መካከል ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ይገኛሉ፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት አስያዟቸው የሚባሉት የዜማ ምልክቶች። እነዚህ ምልክቶች የሚመሰከሩበት ቦታ ደግሞ የእኛው ጋይንት ቤተልሔም ነው። የሚኒስቴሩ ሰዎች የፈቃድን ነገር ከውጭ ብቻ ለመማር ስለምትቸኩሉ ቤተልሔም እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ድጓን፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ የተማረ ሰው በሌላ ደብር ወንበር ዘርግቶ መምህር ከመሆኑ በፊት ቤተልሔም ገብቶ ያስመሰክራል። ድጓውን በእጁ ይጽፋል፤ ለመቅዳት ማንንም አያስፈቅድም፣ ለማንም አይከፍልም። የጻፈው መጽሐፍ ከቤተልሔሙ ቅጂ ጋር እየተያየ ምልክቱ ይታረማል፤ ዜማው በየኔታ ፊት ይፈተናል። ከተመሰከረለት በኋላ ጎጃም ወርዶ ቢያስተምር፣ ሸዋ ወይም ትግራይ ሄዶ ቢያስተምር ከተማሪዎቹ ቆርጦ ወደ ቤተልሔም የሚልከው የለም። ቅጂው የሁሉም ነው፤ የሚከበረው ምስክሩ ነው። ማንም ሳያስመሰክር በራሱ እጅ የጻፈውን ድጓ «ቤተልሔም ነው» ብሎ መጥራት አይችልም። ሬድ ሃት ቅጂውን ለቅቆ ማረጋገጫውን ሲሸጥ ያገኘው ብልሃት ጋይንት ውስጥ ከኖረ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ የነጻ ሶፍትዌር ወዳጆች የማይናገሩት ነገር አለ። ያ ሥርዓት በአየር ላይ አልቆመም። ተማሪው በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ያድር ነበር፤ ደብሩና መምህሩ ደግሞ መሬት ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ መሠረት ተናጋ፤ ጉባኤ ቤቶቹ እስከ ዛሬ የሚቸገሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ቅጂው በነጻ የኖረው እንጀራው በሌላ በኩል ይመጣ ስለነበር ነው። የኔ ልጆች ደግሞ ቁራሽ ለምነው አያድሩም፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። ስለዚህ «ኮዱን ክፈቱ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መመሪያ እንዳትጽፉ እለምናለሁ። ከፍታችሁ ጥገናውን በበጀት ካልያዛችሁለት ሶፍትዌሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል፤ ከዚያ «ነጻ ሶፍትዌር አይሠራም» ተብሎ ይነገራል።

ስለዚህ የላይሰንስ በጀት የነበረው የጥገና በጀት ይሁን፤ ጥገናውም በዞን ደረጃ ተከፋፍሎ ለጨረታ ይውጣ። ዛሬ የአገር አቀፍ ሥርዓት ጥገና በአንድ ጨረታ አዲስ አበባ ላይ ሲወጣ ደብረ ታቦር ያለ የአምስት ሰው ድርጅት በሩን እንኳ አያንኳኳም። ኮዱ ዝግ ከሆነ ደግሞ ማንኳኳቱም ትርጉም የለው፤ ከሠራው ድርጅት በቀር ማንም ሊጠግነው አይችልምና ጨረታው የይስሙላ ነው። ኮዱ ክፍት ሲሆን ግን ከሠራው ይልቅ የተሻለ የሚጠግን ሊገኝ ይችላል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የሚያስመርቃቸው ልጆች አሉ፤ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዱም አሉ። ሠልጥነው ምን አነበቡ? ኮድ መጻፍ የሚማር ሰው ትልቅና የሚሠራ ኮድ ማንበብ አለበት፤ የራሱ ወረዳ የሚሠራበትን ሥርዓት ቢያነብ ደግሞ ስህተቱን አይቶ ለማስተካከል ማንም አይቀድመውም።

ከዚህ ቀደም ያመለጠን አንድ አጋጣሚ አለ። የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አይቤክስ የተባለው የበጀትና የሂሳብ ሶፍትዌር በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይመራ በነበረ ፕሮጀክት፣ በኢትዮጵያ የበጀት አሠራር ልክ፣ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ተሳትፈውበት የተሠራ ነው። እስከ ወረዳ ወርዶ ሠርቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማንም አውርዶ የሚያነበው ኮድ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ በዙሪያው የግል ጥገና፣ ተጨማሪ መሣሪያ፣ የሥልጠና ገበያ አልበቀለም። ቀጥሎ በፌዴራል ደረጃ የመጣው ኢፍሚስ የተባለው የፋይናንስ ሥርዓት ኦራክል በተባለው የውጭ ኩባንያ ምርት ላይ የቆመ ነው። ኦራክልን የሚያህል ኩባንያ ዋጋ ሲጨምር የእኛ የመደራደሪያ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

ዋጋ ብቻም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በአማራ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። ምክንያቱን እዚህ አልከራከርም። በየወሩ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር እየደወለ «ተከፍሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሶፍትዌር በእንዲህ ያለ ጊዜ በሩን ይዘጋል፤ የተከፈለበት ቢሆንም። ዲኤችአይኤስ 2ም ቢሆን ያለ ኔትወርክ ሪፖርት ወደ ዞን አያደርስም፤ ነገር ግን ወረዳው የገዛ መረጃውን እንዳይከፍት የሚቆልፍበት የላይሰንስ ቁልፍ የለውም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ የሕዝብ ተቋማት ሲዘረፉም ያየነው ነው፤ ኮምፒውተር ይዘረፋል። በአዲስ ማሽን ላይ እንደገና ለመጫን የማንንም ፈቃድ የማይጠብቅ ሶፍትዌር ለእኛ አገር የቅንጦት ነገር አይደለም።

«ኮዱ ከተከፈተ ጠላት ይገባበታል» የሚሉ የደኅንነት ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የዜጎችን መታወቂያ የያዘው ሥርዓት መሠረት ክፍት ሆኖ ሳለ የወረዳ የንብረት መመዝገቢያ ለምን ምስጢር እንደሚሆን ያስረዱኝ። የሚደበቀው የይለፍ ቃሉ፣ ቁልፉና የሰዎች መረጃ ነው፤ እነዚህ ከኮዱ ጋር አይወጡም፤ አብረው ከተጻፉ ደግሞ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው።

አንድ ተጨማሪ ስጋት አለኝ፤ ይህ ከውጭ ያየሁት ነው። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ቴራፎርም የተባለውን የሰርቨር ማስተዳደሪያውን፣ ሬዲስ በ2024 የመረጃ ቋቱን ለዓመታት ክፍት ካደረጉ በኋላ ፈቃዱን ለወጡት። ሁለቱም ይህን ማድረግ የቻሉት በኮዱ ላይ የሚያስፈልገውን መብት በእጃቸው ስለያዙ ነው። ተጠቃሚዎቹ ግን አልጠፉም፤ የቀድሞው ፈቃድ የተሰጠ መብትን ስለማይነሣ ኦፕንቶፉና ቫልኪ የሚባሉ ተተኪዎችን ወዲያው አቆሙ። ሁለት ነገር ታየኝ፦ አንደኛ፣ ክፍት ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ተመልሶ አይወሰድም። ሁለተኛ፣ የኮዱን መብት በሙሉ ለአንድ ተቋራጭ የሚሰጥ መንግሥት የሚቀጥለውን ስሪት በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ ነው ለመንግሥት ሥርዓቶች ጠበቅ ያለውን፣ ኤጂፒኤልን የምመርጠው። ልል ፈቃድ ቢሆን አንድ ትልቅ ድርጅት በስማዳ ሕዝብ ገንዘብ የተጻፈውን ኮድ ወስዶ፣ ጥቂት ጨምሮ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ለስማዳ ሊሸጠው ይችላል። ሕጉም አይከለክለውም።

ነገር ግን ሁሉም ነገር ኤጂፒኤል ይሁን ብዬ አልከራከርም፤ እዚህ ላይ ከአክራሪዎቹ ጋር እለያለሁ። ባንኮችና ነጋዴዎች ከመንግሥት ሥርዓት ጋር የሚገናኙበት ድልድይ፣ የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ ኮድ፣ የአማርኛ ቃላት ማረሚያ፣ ፎንትና የመጻፊያ ገጽ ልል በሆነ ፈቃድ ይውጣ። እነዚህን ማንም ነጋዴ በዝግ ምርቱ ውስጥ ቢከታቸው ሕዝብ አይጎዳም፤ እንዲያውም የጳጉሜን ስሌት እያንዳንዱ ፕሮግራመር ከዜሮ እየጻፈ እየተሳሳተ ከመኖር ይድናል። የግል ድርጅት በራሱ ገንዘብ ሠርቶ በገበያ የሚሸጠውን ምርት ደግሞ መንግሥት ስለገዛው ብቻ ክፈት ሊለው አይገባም። እኔም የመድኃኒት ቤት ፕሮግራሜን አልከፍትም። የሠራሁት በራሴ ገንዘብ ነው።

በሕዝብ ገንዘብ የተጻፈ ኮድ ሊከፈት እንደሚችል የውጭ ምስክር ካስፈለገ ስዊዘርላንድ አለች። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ የሚሠሩትንና የሚያሠሩትን ሶፍትዌር ኮድ የሦስተኛ ወገን መብት ወይም የደኅንነት ምክንያት ካልከለከለ በቀር እንዲያወጡ በሕግ ተገድደዋል። የሶፍትዌር ድርጅቶቿ በዚህ ምክንያት ሥራ ፈቱ ሲባል አልሰማሁም።

አዲስ አዋጅ ወጥቶ እስኪጸድቅ ጠብቁ እያልኩ አይደለም። በእጃችሁ ያለው የጨረታ ሰነድ ይበቃል። ሥራው እንዲቀልላችሁ በውሉ ላይ የሚሰፍረውን አንቀጽ እኔው አርቅቄዋለሁ፤ የሕግ ባለሙያዎቻችሁ ያርሙት፦

«በዚህ ውል መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ ተብሎ የሚጻፍ ወይም የሚሻሻል ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ፣ ከግንባታ መመሪያውና ከአማርኛ ሰነዱ ጋር፣ በርክክቡ ቀን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ይቀመጣል። ፈቃዱ ለዋናው ሥርዓት የጂኤንዩ አፌሮ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ (ኤጂፒኤል)፣ ለመገናኛ ክፍሎች፣ ለፎንትና ለቋንቋ መሣሪያዎች ደግሞ ልል የሆነ ነጻ ፈቃድ ይሆናል። የይለፍ ቃል፣ የምስጢር ቁልፍና የግለሰቦች መረጃ አይጨመርበትም። ተቋራጩ ከዚህ ውል በፊት በራሱ ወጪ የሠራው ምርት በዚህ አንቀጽ አይነካም፤ ሆኖም ሥርዓቱ ያለ እሱ ሊሠራ የማይችል ከሆነ ተቋራጩ ይህን ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ከተቋራጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ባለሙያ ሥርዓቱን ከወጣው ኮድ ብቻ ተነሥቶ ገንብቶ ማስነሣቱ ሲረጋገጥ ነው። ከጠቅላላው የግንባታ ዋጋ ላይ የሚታሰብ የጥገና በጀት ለሦስት ዓመት ይያዛል፤ የጥገና ጨረታው በዞን ደረጃ ይወጣል።»

የመጨረሻ ክፍያውን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር እንዳይወጣ አደራ። ሌላው ሁሉ ቢለሰልስም እሱ ካለ አንቀጹ ይሠራል።



የጋይንት ተወላጅ፣ የሶፍትዌር ነጋዴ
ደብረ ታቦር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
ለአማራ ክልል ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ቢሮ
ለደቡብ ጎንደር ዞን አስተዳደር
ለላይ ጋይንት፣ ለታች ጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ወረዳዎች የግዥ ባለሙያዎች